የመጀመሪያዋ ለምን እስከ 2016 ዘገየች? የአሽሊ ጆንሰን የዋተር ፖሎ ሕይወት

ዋተር ፖሎ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ የኳስ ጨዋታ ነው፤ በዚህ ስፖርት ስለ ሴት ግብ ጠባቂዎች በተወራ ቁጥር የአሽሊ ጆንሰን ስም ሳይነሣ አይቀርም። አሜሪካዊቷ ግብ ጠባቂ በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ 51 ኳሶችን፣ በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ደግሞ 80 ኳሶችን አድናለች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ውድድሮች ወደ ግቧ ከተላኩት መቶ ኳሶች ውስጥ ስልሳ አራት ያህሉን መልሳለች ማለት ነው። ከሁለት ኳስ አንዱን ያዳነች ግብ ጠባቂ ጥሩ ዋለች በሚባልበት ስፖርት ይህ ቁጥር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በሁለቱም ጊዜ ቡድኗ ወርቅ አጥልቆ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ከዚህ ቁጥር ጋር ሁልጊዜ የሚነሣ ሌላ መግለጫ አለ፤ ጆንሰን ለአሜሪካ የኦሊምፒክ ሴቶች ዋተር ፖሎ ቡድን የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። የስፖርት ዘገባዎች ሁለቱን ነገሮች አንዱ የሌላው ማብራሪያ የሆነ ይመስል አያይዘው ይጠቅሷቸዋል። በእኔ እይታ ግን ሁለቱ የሚናገሩት ስለተለያየ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የእርሷን ብቃት ያሳያል። ሁለተኛው ስለ እርሷ የሚነግረን እምብዛም ሆኖ፣ ይልቁንም ስለ አሜሪካ የመዋኛ ገንዳዎች፣ በእነርሱ ዙሪያ ስለቆመው አጥርና ያ አጥር ከፈረሰ በኋላም ስለቀረው ርዝራዥ ብዙ ይነግረናል።

ብቃቷን ለመረዳት የግብ ጠባቂን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የዋተር ፖሎ ግብ 3 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ከውኃው በላይ ያለው ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ገንዳው ጥልቅ በመሆኑ የማንም እግር መሬት አይነካም፤ ስምንት ስምንት ደቂቃ በሚፈጁት አራት ክፍለ ጊዜያት በሙሉ ተጫዋቾቹ ተንሳፍፈው የሚቆዩት በእግራቸው ጉልበት ነው። ቀይ ቆብ የምታጠልቀው ግብ ጠባቂ ሁለቱን እግሮቿን ተራ በተራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ በክብ እያዞረች ትከሻዋን ከውኃ በላይ ታቆያለች፤ ኳሱ ሲመታ ደግሞ በአንድ ግፊት እስከ ወገቧ ብድግ ትላለች። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ብድግ ያለ አካል ተመልሶ ይሰምጣል፤ ሰምጦ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ያለችው ቅጽበት ለአጥቂ ትበቃለች። ስለዚህ ልምድ ያላት አጥቂ ኳሱን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ የምትመታ እየመሰለች አንዴም ሁለቴም ሦስቴም ታታልላለች፤ የምትጠብቀው ግብ ጠባቂዋ ቀድማ እንድትነሣ ነው።

ጆንሰን ቀድማ አትነሣም። ቁመቷ 1.85 ሜትር ገደማ፣ ክንዶቿም ረጃጅም በመሆናቸው ብዙዎች የስኬቷን ምክንያት እዚያ ላይ ያቆማሉ፤ ግጥሚያዎቿን ደጋግሞ ላየ ሰው ግን ከቁመቷ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ትዕግሥቷ ነው። አጥቂዋ ስታታልል የጆንሰን ትከሻ ከነበረበት ከፍታ ብዙም አይነቃነቅም፤ ኳሱ ከእጅ ሊወጣ ሲል ብቻ፣ ሁለቱም እጆቿ በአንድ ላይ ይነሣሉ። ይህ ችሎታ ዋጋው የሚታየው አንድ ተከላካይ በጥፋት ለጊዜው ከጨዋታ ስትወጣ ነው። ያን ጊዜ ስድስት አጥቂዎች አምስት ተከላካዮችን ይገጥማሉ፤ ተከላካዮቹ አንድ እጃቸውን ዘርግተው የግቡን አንዱን ወገን ሲሸፍኑ፣ ሌላው ወገን የግብ ጠባቂዋ ኃላፊነት ይሆናል። ተከላካዮች የግብ ጠባቂያቸውን ውሳኔ አስቀድመው ማወቅ የሚችሉት እርሷ ሳትደናገጥ ስትቀር ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ቡድን በእነዚያ ዓመታት በቁጥር አንሶ ሲጫወት እንኳ የተረጋጋ ይመስል የነበረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለች ተጫዋች ከየት መጣች? ጆንሰን በመስከረም 1994 በማያሚ ተወለደች። ቤተሰቧ ከጃማይካ የመጣ ሲሆን፣ ነርስ የሆነችው እናቷ አምስት ልጆችን ለብቻዋ አሳድጋለች። ይኖሩበት የነበረው ሬድላንድ ከማያሚ በስተደቡብ የሚገኝ የእርሻ አካባቢ ነው፤ በቤታቸው ጓሮ የመዋኛ ገንዳ ነበር። እናትየው አምስቱንም ልጆች ዋና ትምህርት ያስገባቻቸው ሜዳሊያ አስባ አልነበረም። እርሷ ሥራ ላይ ሳለች ልጆቿ ከውኃ ዳር እንደሚውሉ ታውቅ ነበርና ስለ ሕይወታቸው ሰግታ ነበር። ዋተር ፖሎ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ልጆቹ በውኃ ውስጥ እንደ ልባቸው መሆን ሲጀምሩ ነው።

የዚህን እናት ስጋት ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማእከል ያወጣው አኀዝ እንደሚያሳየው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች መካከል ጥቁሮች በመዋኛ ገንዳ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን ከነጮች 7.6 እጥፍ ይበልጣል። የአሜሪካ ዋና ፋውንዴሽን በ2017 ይፋ ያደረገው ጥናት ደግሞ ከጥቁር ልጆች 64 በመቶዎቹ ጨርሶ የማይዋኙ ወይም ችሎታቸው አነስተኛ እንደሆነ ያመለክታል፤ በነጮች ዘንድ ይህ ቁጥር 40 በመቶ ነው። ፋውንዴሽኑ ቀደም ሲል ባሠራው ጥናት ወላጁ ዋና የማይችል ልጅ የመማር ዕድሉ 19 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። አለመዋኘት ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል ማለት ነው። በዋሺንግተን ወይም በሲያትል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ራሳቸው ግን ገንዳ ገብተው የማያውቁ የእኛ ሰዎችም ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ውርሱ የጀመረው ግን ወላጆች ስለሰነፉ አይደለም። ጆንሰን ያደገችበት የማያሚ አካባቢ ራሱ ታሪኩን ይዟል። በ1945 ጥቁር የከተማዋ ነዋሪዎች ለነጮች ብቻ ተከልሎ በነበረው የሆሎቨር የባሕር ዳርቻ ሆነ ብለው ገብተው ዋኙ፤ ባለሥልጣናቱ ዳርቻውን ለሁሉም ከመክፈት ይልቅ በዚያው ዓመት ቨርጂንያ ኪ የተባለውን፣ መጀመሪያ ላይ በጀልባ ብቻ የሚደረስበትን ሥፍራ ለጥቁሮች ለይተው ከፈቱ። በሰኔ 1964 ደግሞ በዚያው በፍሎሪዳ ግዛት በሴንት ኦገስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ተቃዋሚዎች አብረው ወደ አንድ ሞቴል መዋኛ በገቡ ጊዜ የሞቴሉ ሥራ አስኪያጅ በገንዳው ውስጥ አሲድ ሲደፋ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ተሰራጨ። የአገሪቱ ሴኔት የሲቪል መብቶችን ሕግ ያጸደቀው በማግስቱ ነበር።

ሕጉ ከወጣ በኋላም በሩ ወዲያው አልተከፈተም። በርካታ ከተሞች ገንዳዎቻቸውን ለሁሉም ከማጋራት ይልቅ መዝጋትን መረጡ። የሚሲሲፒዋ ጃክሰን ከተማ ይህንኑ በማድረጓ ተከስሳ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ዳኞቹ በ1971 በአምስት ለአራት ድምፅ ከተማዋን ነፃ አወጧት። አቅም ያላቸው ነጮች ወደ ግል ክበቦችና ወደ ጓሮ ገንዳ ሲሄዱ የሕዝብ ገንዳ ጠፍቶ የቀረባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ምክንያቱን በሰው አካል ላይ የሚያላክክ አጉል እምነት ለረጅም ጊዜ ኖሯል። በ1987 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ሥራ አስኪያጅ የነበረው አል ካምፓኒስ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥቁሮች ጥሩ ዋናተኛ የማይሆኑት ሰውነታቸው ስለማይንሳፈፍ ነው አለ፤ በዚያ ቃለ መጠይቅ በተናገረው ሁሉ የተነሣ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። ጆንሰን የተወለደችው ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ እስከ 2016 የዘገየችው ለምን እንደሆነ በዚህ መነጽር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ዋተር ፖሎ መዋኘትን እንደ መነሻ የሚወስድ ስፖርት ነው፤ ሩጫ ወይም እግር ኳስ ባዶ ሜዳ ሲበቃቸው፣ ይህ ጨዋታ ሞቆ የሚቆይ ጥልቅ ገንዳ፣ ነፍስ አድን ሠራተኛና ገንዳውን በሰዓት የሚከራይ ክለብ ይፈልጋል። ጆንሰን የጓሮ ገንዳ፣ ቆራጥ እናት፣ በኋላም የራሱ መዋኛ ባለው በራንሰም ኤቨርግሌድስ የግል ትምህርት ቤት የመማር ዕድል አገኘች፤ እዚያም የፍሎሪዳን ሻምፒዮና ደጋግማ አሸነፈች። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ዛሬ ስሟን የምናውቅ አይመስለኝም። ታሪኳን የብቸኛ ታጋይ ገድል አድርጎ መተረክ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው አተራረክ ለሌሎች ልጆች ምን መሟላት እንዳለበት የሚለውን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

በስፖርቱ ውስጥ ከገባች በኋላም እንግድነቷ በቀለሟ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ዋተር ፖሎ ማለት ካሊፎርኒያ ማለት ነው። በ2001 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ሻምፒዮና እስከ 2025 ድረስ ዋንጫውን ያነሡት ሦስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩሲኤልኤ፣ ስታንፎርድና ዩኤስሲ ብቻ ናቸው። ጆንሰን ግን ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ መጥታ፣ ለስፖርተኛ ነፃ የትምህርት ዕድል በማይሰጠው አይቪ ሊግ በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ወደሚገኘው ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ሥነ ልቦና አጠናች። ከ2009 ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኑን የሚመራው አሠልጣኝ አዳም ክሪኮሪያን ይፈልጋት የነበረ ቢሆንም፣ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የሚሠለጥነው ካሊፎርኒያ በመሆኑ ምርጫዋ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ለሪዮ ለመዘጋጀት ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋርጣ ሄደች፤ ከወርቁ በኋላ ተመልሳ በ2017 ተመረቀች። በዚህ መካከል በ2015 በካዛን፣ ኋላም በ2019 በግዋንግጁ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ግብ ጠባቂ ነበረች።

ለመሆኑ የሴቶች ዋተር ፖሎ ኦሊምፒክ ውስጥ መኖሩ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ወንዶቹ ከ1900 ጀምሮ ሲጫወቱ ሴቶቹ መቶ ዓመት ጠብቀዋል፤ በ2000 ሲድኒ ላይ የገቡትም የአውስትራሊያ ተጫዋቾች ለዓመታት ባለሥልጣናቱን በመወትወታቸው ነው። በዚያ የመጀመሪያ ፍጻሜ አውስትራሊያ አሜሪካን 4 ለ 3 ያሸነፈችው ይቬት ሂጊንስ ግጥሚያው ሊያበቃ ከሁለት ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ባስቆጠረችው ግብ ነበር። ጆንሰን ስድስት ዓመት የሞላት በዚያው ወር ነው። ስለዚህ እርሷ ሴት ተጫዋቾች በልጅነታቸው ኦሊምፒክን ማለም ከቻሉበት የመጀመሪያው ትውልድ ወገን ናት።

ሪዮና ቶኪዮን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ውጤቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በሪዮ ፍጻሜ አሜሪካ ጣሊያንን 12 ለ 5፣ በቶኪዮ ፍጻሜ ደግሞ ስፔንን 14 ለ 5 አሸንፋለች፤ በኦሊምፒክ ፍጻሜ ተጋጣሚ በሁለቱም ጊዜ ከአምስት ግብ በላይ አላገኘም። ከ2012ቱ የለንደን ድል ጋር ሲደመር አሜሪካ በሴቶች ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በቶኪዮ ምድብ ጨዋታ በሀንጋሪ የደረሰባቸው የ10 ለ 9 ሽንፈት ግን ኋላ ለሚመጣው ምልክት ነበር፤ ሌሎች አገሮች ርቀቱን እያጠበቡ ነበር።

ርቀቱ የጠፋው በፓሪስ 2024 ነው። በግማሽ ፍጻሜ አሜሪካና አውስትራሊያ 8 እኩል ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሄዱ። መለያ ምት ለግብ ጠባቂ ልዩ ፈተና ነው፤ አምስት ሜትር ላይ ያለች አጥቂ ፉጨት እንደተሰማ ሳታታልል ወዲያው ስለምትመታ፣ የጆንሰን ዋነኛ መሣሪያ የሆነው ትዕግሥት ብዙም አይረዳም። የዚያን ቀን የተሳካላት በተቃራኒው ግብ የነበረችው ጋብሪኤላ ፓልም ሆና አውስትራሊያ በድምሩ 14 ለ 13 አለፈች። ለነሐስ በተደረገው ግጥሚያ ደግሞ ሆላንዳዊቷ ሳብሪና ቫን ደር ስሎት በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ባስቆጠረችው ግብ አሜሪካ 11 ለ 10 ተሸነፈች። ሴቶች ከገቡበት ከ2000 ጀምሮ አሜሪካ ያለ ሜዳሊያ ስትመለስ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ ወርቁን ስፔን አውስትራሊያን 11 ለ 9 አሸንፋ ወሰደች። ሁለት ግጥሚያ በአንድ አንድ ግብ መሸነፍ የአንድ ትውልድ ውድቀት ነው የሚሉ አስተያየቶች ያኔ ተሰምተዋል። እኔ ግን ችኮላ ይመስለኛል፤ ለአራት ዓመት የተሠራ ሥራ በሁለት ኳስ የሚመዘንበት ስፖርት መሆኑን ነው ይበልጥ ያሳየኝ።

የአራት ዓመቱ ሥራ በምን እንደሚተዳደር መጠየቅ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ተጫዋች ሴት ደመወዝ እያገኘች የምትተዳደርበት የሴቶች ፕሮፌሽናል የዋተር ፖሎ ሊግ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱ በኋላ ደመወዝ የሚፈልጉ ወደ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ግሪክ ወይም ሀንጋሪ ክለቦች ይሄዳሉ። የአገሪቱ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለአንድ የወርቅ ሜዳሊያ የሰጠው ሽልማት በሪዮ 25,000 ዶላር፣ በቶኪዮ 37,500 ዶላር ነበር፤ ይህን ለመጣበት ዓመታት ብናካፍለው በካሊፎርኒያ የቤት ኪራይ የሚሸፍን አይደለም። በግንቦት 2024 የቡድኑ አምበልና የኦሊምፒክ ሴቶች ዋተር ፖሎ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ማጊ ስቴፈንስ፣ ብዙ የቡድን አጋሮቿ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራ እንደሚሠሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ጽፋ ድጋፍ ጠየቀች። የደረሰላቸው የራፕ ሙዚቀኛው ፍሌቨር ፍላቭ ነው፤ ለአምስት ዓመት ስፖንሰራቸው ለመሆን ተስማማ። ነገሩ አስደሳች ወሬ ሆኖ ዓለምን ዞረ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን የአንድ ዘፋኝ በጎ ፈቃድ ካላገዘው የሚቸገር መሆኑ ግን የሚያስፈነድቅ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተለዋውጠዋል፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ አይደለም። በ2025 ሮስ ስቲቨንስ የተባለ ባለሀብት በሰጠው 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ከ2026 የክረምት ውድድር ጀምሮ በኦሊምፒክ የሚሳተፍ እያንዳንዱ አሜሪካዊ ስፖርተኛ 200,000 ዶላር እንዲታሰብለት ተወስኗል፤ ግማሹ በመካከለኛ ዕድሜ የሚከፈል፣ ግማሹ ደግሞ ከሞት በኋላ ለቤተሰብ የሚተላለፍ ነው። ሪዮና ቶኪዮ በዚህ አይቆጠሩም። የዛሬ ልምምድ ወጪንም አይሸፍንም፤ ቢሆንም ስፖርተኛዋ ዕድሜዋ ሲገፋ ባዶ እጇን እንዳትቀር ያለውን ፍርሃት በመጠኑ ያቀልላል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ሰኔ አንድ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ትኬትና የቴሌቪዥን ገቢ ወደሚያመጡት የአሜሪካ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ በመሆኑ፣ ገቢ የሌላቸው እንደ ዋተር ፖሎ ያሉ ስፖርቶች በጀታቸው እንዳይቆረጥ ይሠጋሉ። ብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾቹን የሚያገኘው ከእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች ነውና ስጋቱ መሠረት አለው። የሚገርመው የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ አሠራር አንገባም ማለታቸው ነው፤ ጆንሰን የመጣችበት፣ ብዙዎች የማይሄዱበት መንገድ ምናልባት ከሌሎቹ ይልቅ ባለበት ይቆይ ይሆናል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም አንድ ለውጥ አለ። በፓሪስ 12 የወንዶችና 10 የሴቶች ቡድኖች ተወዳድረዋል፤ በሎስ አንጀለስ 2028 ግን የሴቶቹም ቁጥር 12 እንዲሆን የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ወስኗል። ሁለቱ ተጨማሪ ቦታዎች ለማን ይደርሳሉ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በቶኪዮ አፍሪካን የወከለው የደቡብ አፍሪካ የሴቶች ቡድን በሆላንድ 33 ለ 1፣ በስፔን 29 ለ 4 ተሸንፏል፤ በፓሪስ ደግሞ ከአፍሪካ አንድም የሴቶች ቡድን አልነበረም። ቦታዎቹ ለአውሮፓ ቢሰጡ ግጥሚያዎቹ ይጠነክራሉ፤ ለሌሎች አህጉራት ቢሰጡ እንደ 33 ለ 1 ያሉ ውጤቶች ሊደገሙ ይችላሉ፤ ይህንንም ለውድድሩ ክብር አይመጥንም የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የኦሊምፒክ ቦታ የሌለው ፌዴሬሽን ከመንግሥቱ በጀት ለመጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም፤ በጀት ከሌለ ገንዳ አይሠራም፤ ገንዳ በሌለበት ደግሞ የጆንሰንን ያህል ትዕግሥትና ክንድ ያላት ልጅ ብትወለድ እንኳ ግብ ጠባቂ መሆን እንደምትችል የሚያውቅላት ሰው አይኖርም።